መንጠቆና ሰው ሠራሽ ትል

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚጠቅም ደረጃ በደረጃ አፍታቶ የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። የሚከተለው ምንባብ የዚህ ዓይነት ድርሰት ምሳሌ ነው። ምንባቡን ስታነቡ ጸሐፊው ከታወቀው ነገር ተነሥቶ ወዳልታወቀው እንዴት እንደሚሸጋገር፣ ለሚሰጠው ምክር ሁሉም ምክንያቱን እንዴት እንደሚያስከትል ልብ በሉ።

ምንባብ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ብሂል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በማያገባው ገብቶ ጣጣ ለሚያመጣ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌው የተወሰደው ከእውነተኛ ሥራ ነው። ጎርጓሪው በድንጋይ ሥርና በወንዝ ዳር ጉድጓድ እጁን እየከተተ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ነው። ምን እንደሚይዝ አስቀድሞ አያውቅም፤ እጁን ግን አሳልፎ ሰጥቷል። የሰው ልጅ ከዚህ ዓይነቱ አደጋ ለመዳን በእጁ ፈንታ ወደ ውሃው ከላካቸው መሣሪያዎች አንዱ መንጠቆ ነው።

የመንጠቆ ሥራ በሁለት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛው ሹሉ ብረት ነው፤ ሁለተኛው በብረቱ ላይ የሚሰካው ማባበያ ነው። ማባበያው ዓሣውን ይጠራል፤ ብረቱም ይይዘዋል። የዚህ ምንባብ ዋና ጉዳይ ማባበያው ነው፤ በተለይም በሰው እጅ የሚሠራውና በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው የፕላስቲክ ትል ነው። ትሉ ከምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራበትና እንዴት እንደሚቀመጥ እንመለከታለን። በመጨረሻም አንድ የማጥመጃ መሣሪያ መልካም ነው የሚያሰኘው ምን እንደሆነ እንጠይቃለን። ለዚህም ጥያቄ ምሳሌ የሚሆነን በቅርባችን የሚገኘው የጣና ሐይቅ ነው።

የጣና ሐይቅና ዓሣዎቹ

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ጎርጎራ ይደረሳል። ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ከዚያ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው ሐይቁ ዳርቻ የሌለው ባሕር ይመስለዋል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣልና። ነገር ግን ጣና እንደ ስፋቱ ጥልቅ አይደለም። ከፍተኛው ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ ከደቡብ፣ ጉማራና ርብ ከምሥራቅ፣ መገጭ ደግሞ ከሰሜን ይገቡበታል። የጎንደርን ከተማ ግራና ቀኝ ይዘው የሚወርዱት ቀሃና አንገረብም ውሃቸውን ለመገጭ ያቀብላሉ። ስለዚህ በጎንደር ከተማ ላይ የጣለ ዝናብ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ከጣና ነው።

በሐይቁ ውስጥ ለገበያ የሚፈለጉት ዓሣዎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ እነርሱም ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቆሮሶ በአብዛኛው በውሃ ውስጥ የሚገኙ ደቃቅ ዕፅዋትን ይመገባል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ በአፉ ዙሪያ እንደ ሪዝ ያለ ነገር ያለው፣ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ዓሣ ነው። የተመራማሪዎችን ዐይን ከሁሉ ይልቅ የሳበው ግን ነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። በዚህ ስም የሚጠሩት ልዩ ልዩ ዝርያዎች 15 ያህል ናቸው፤ ከእነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው።

ይህ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ምክንያቱም ነጭ ዓሣ የሚመደብበት ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ የሚገኘው በጉሮሮው ውስጥ ነው። በሌላ ስፍራ ያሉ ዘመዶቹም በአብዛኛው ዓሣ በሎች አይደሉም። በጣና ግን ነገሩ ተለወጠ። ከሐይቁ በታች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛው ዓባይ ዓሣዎች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ አግዷቸው ኖረ። ከዚህም የተነሣ በሐይቁ ውስጥ የአዳኝነቱ ስፍራ ባለቤት አልነበረውም። ነጭ ዓሣ በረጅም ዘመን ውስጥ ዝርያው እየተለያየ ያንን ስፍራ ያዘ። ከእነዚህ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣናና ከገባር ወንዞቹ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ አይገኙም።

አዳኝ ነጭ ዓሣ የሚበላውን የሚፈልገው በተለይ በዐይኑ ነው። ለስላሳና ሞላላ ነገር ሲንቀሳቀስ ሲያይ ይከተለዋል፤ ከቀረበውም አፉን ከፍቶ ከውሃው ጋር ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሰው ሠራሽ ማባበያ የተፈለሰፈው ይህን የመሰለ የአዳኝ ዓሣ ጠባይ በመመልከት ነው።

ከእውነተኛው ትል ወደ ሰው ሠራሹ

መንጠቆ ለያዘ ሰው በቅርቡ የሚገኘው ማባበያ ከእርጥብ መሬት ተቆፍሮ የሚወጣው ትል ነው። ትሉ ዋጋ አይጠይቅም፤ ሽታውም ዓሣን ይጠራል። ነገር ግን ጉድለት አለው። ፀሐይ ከመታው ስለሚደርቅ በእርጥብ አፈር ተሸፍኖ በጥላ ሥር መቀመጥ ይኖርበታል። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚገባ በቀላሉ አይገኝም። በመንጠቆ ከተሰካ በኋላም ትንንሽ ዓሣዎች እየቆነጠሩ ይጨርሱታል። አንድ ጊዜ ካገለገለም ሁለተኛ አያገለግልም።

ይህን ችግር ለማቃለል ከሞከሩት ሰዎች አንዱ ኒክ ክሪም የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ክሪም በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ የሚኖር የማሽን ሥራ ባለሙያ ሲሆን፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ከባለቤቱ ጋር በመሆን በወጥ ቤታቸው ምድጃ ላይ ቪኒል የተባለውን ፕላስቲክ አቅልጦ በእውነተኛ ትል አምሳል በተዘጋጀ ቅርፅ ማውጫ ውስጥ አፈሰሰው። ፕላስቲኩ ሲበርድ ለስላሳ፣ ተንቀሳቃሽና በዐይን ሲታይ ከትል የማይለይ ማባበያ ሆነ። ይህም ማባበያ ባስ ለሚባለው የአሜሪካ ዓሣ ማጥመጃ ተፈላጊ ዕቃ ለመሆን በቃ። ባስ አፈ ሰፊ አዳኝ ነው፤ በውሃ ውስጥ ከበቀለ ሣርና ከወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ የሚያልፈውን ይይዛል።

ቪኒል በተፈጥሮው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ የውሃ ቧንቧም ይሠራበታል። ይህ ደረቅ ነገር እንደ ትል እንዲለሰልስ ዘይት መሰል ፈሳሽ ይጨመርበታል። ፈሳሹ በፕላስቲኩ ጥቃቅን ክፍሎች መካከል ገብቶ እርስ በርሳቸው እንዲንሸራተቱ ያደርጋል። የትሉ ልስላሴ የሚመጣው ከዚህ ፈሳሽ ነው፤ ድክመቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ፈሳሹ ከፕላስቲኩ ጋር ተቀላቀለ እንጂ አልተቆራኘም። ስለዚህ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ አጠገቡ ወዳለው ሌላ ነገርም ይሰርጋል። በተጨማሪም የቪኒል ትል ቶሎ ይቀደዳል። ክብደት እንዲኖረው ጨው የተጨመረበት ከሆነም ወደ ታች ይሰምጣል።

ከጊዜ በኋላ ሌላ ዓይነት ትል ተሠራ። የዚህኛው ትል መሥሪያ ቴርሞፕላስቲክ ኤላስቶመር ይባላል። ይህ ነገር ሲሞቅ እንደ ፕላስቲክ የሚቀልጥ፣ ሲበርድ ግን እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነው፤ የአንዳንድ ጫማዎች ሶልም ይሠራበታል። ከእርሱ የተሠራ ትል ሲጎትቱት ከርዝመቱ ብዙ እጥፍ ይለጠጣል፤ ሲለቁት ወደ ቀድሞ ቅርፁ ይመለሳል። ስለዚህ የቪኒሉ ትል በሁለት ወይም በሦስት ዓሣ ሲቀደድ፣ ይህኛው ብዙ ዓሣ ይዞ ሳይቀደድ ሊቆይ ይችላል።

ሌላው ልዩ ጠባዩ መንሳፈፉ ነው። የአንድ ነገር እፍግታ ከውሃ እፍግታ ካነሰ ነገሩ ይንሳፈፋል፤ ከበለጠ ግን ይሰምጣል። ከደንገል የተሠራው የጣና ታንኳ ሰውና ዕቃ ጭኖ በሐይቁ ላይ የሚሄደው በዚህ ሕግ ነው፤ በደንገሉ ውስጥ የታመቀው አየር የታንኳውን እፍግታ ያሳንሰዋልና። የተለጣጩ ትል መሥሪያም ከውሃ ያነሰ እፍግታ ስላለው፣ ክብደት ካልታሰረበት በስተቀር በውሃው ገጽ ላይ ይንሳፈፋል።

አጠቃቀሙ

አንድ ሰው «ተንሳፋፊ ማባበያ ታች ለሚኖር ዓሣ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ በትሉ ራስጌ ላይ ከምትታሰረው ትንሽ ክብደት ይገኛል። ክብደቷ የትሉን ራስ ይዛ ወደ ታች ስትወርድ ጭራው መንሳፈፍ ስለሚወድ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ትሉ ራሱን ወደ ጭቃው ደፍቶ የሚመገብ ትንሽ ዓሣ ይመስላል። የሚሰምጠው የቪኒል ትል ግን በጭቃው ላይ ተጋድሞ ከዐይን ሊሰወር ይችላል። አዳኙ ዓሣ የሚያድነው በዐይኑ ነውና ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ትሉን በመንጠቆ ላይ መሰካት ትዕግሥት ይጠይቃል። ተለጣጩ ትል ብረቱን አጥብቆ ስለሚይዝ በቀላሉ አይንሸራተትም፤ ስለዚህ መንጠቆውን አስቀድሞ በውሃ ማርጠብ ይረዳል። ከዚያም ጫፉን በትሉ ራስ መካከል አስገብቶ ጥቂት ከገፉ በኋላ በጎን በኩል ማውጣት ነው። የተሰካው ትል ቀጥ ብሎ መታየት አለበት። ጠምዝዘው የሰኩት ትል ሲጎተት እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ ክሩም አብሮት ይከረራል። እንዲህ ያለውን ነገር ዓሣ ይሸሸዋል።

ሣርና ደንገል በበዛበት ስፍራ ደግሞ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። የመንጠቆው ጫፍ እንዳይታይ ተደርጎ በራሱ በትሉ ሥጋ ውስጥ ይቀበራል። እንዲህ ሲሆን መንጠቆው በሣሩ መካከል ሳይያዝ ያልፋል፤ ዓሣው ትሉን ሲነክስ ግን ለስላሳው ገላ ስለሚጨፈለቅ ጫፉ ይወጣል። ይህ ዘዴ የተስፋፋው በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በመሆኑ በዚያው ስም ይጠራል። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እንቦጭ የተባለው መጤ አረም ሰፊ ቦታ ሸፍኗል። ጫፉ ያልተሸፈነ መንጠቆ በእንዲህ ያለ ስፍራ ቢወረወር ከአረሙ ተጠላልፎ ክሩ ይበጠሳል፤ ትሉም ከነመንጠቆው በውሃ ውስጥ ይቀራል።

ከወረወሩ በኋላ የሚፈለገው እርጋታ ነው። የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት ክሩን ቶሎ ቶሎ መሳብ ነው። ትሉን ጥቂት ስቦ ማቆም፣ ጥቂት ጠብቆ እንደገና መሳብ ይገባል። የተያዘው ዓሣ ትንሽ ሆኖ ወደ ውሃው የሚመለስ ከሆነ በረጠበ እጅ መያዝ አለበት። ደረቅ እጅ የዓሣውን ገላ ከበሽታ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፍፈዋልና። በመጨረሻም ማንም ሰው መንጠቆ ከመወርወሩ በፊት ወደ ኋላው መመልከት አለበት፤ ከኋላ የቆመ ጓደኛ ዐይን ከማናቸውም ዓሣ ይበልጣል።

አቀማመጡ

ጥሩ ዕቃ በአያያዝ ጉድለት ከሚበላሽባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። አንድ ጀማሪ አጥማጅ የቪኒሉንና የተለጣጩን ትል በአንድ ሣጥን ውስጥ አደባልቆ ሣጥኑን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አስቀመጠ እንበል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሣጥኑን ሲከፍት የሚያገኘው ትል ሳይሆን እንደ ሙጫ የተጣበቀ አንድ ልቁጥ ነው። ይህ የሆነው ከቪኒሉ የወጣው አለስላሽ ፈሳሽ ወደ ተለጣጩ ትል ሰርጎ ስላሟሟው ነው። ሙቀቱም ነገሩን አፋጥኖታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ሁለቱን ዓይነት ትሎች ፈጽሞ አለማቀላቀል ነው። እያንዳንዱ ዓይነት በተሸጠበት ከረጢት ውስጥ ቢቆይ ይመረጣል። ከረጢቱ ለትሉ ተስማሚ ከሆነ ነገር የተሠራ ነውና። የቪኒሉ ፈሳሽ አንዳንድ ደረቅ የፕላስቲክ ሣጥኖችንም ሊያሟሟ ይችላል። በቀለም የተቀባ ከእንጨት ወይም ከደረቅ ፕላስቲክ የተሠራ ማባበያም ከለስላሳ ትል ጋር አብሮ አይቀመጥም፤ ቀለሙ ይለቃል።

ሁለተኛው ደንብ ትሉን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ተጣጥፎ የከረመ ትል እንደ ተጣጠፈ ይቀራል። የጎበጠ ትልም በውሃ ውስጥ እንደሚሽከረከር ከዚህ በላይ ተመልክተናል። የጎበጠውን የቪኒል ትል በሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆይቶ ካለሰለሱ በኋላ ቀጥ አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ ይቻላል። ከማቃናት ግን አስቀድሞ እንዳይጎብጥ መጠበቅ ይቀላል።

ሦስተኛው ደንብ ከፀሐይና ከሙቀት ማራቅ ነው። የጎንደር ደጋ አየር ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ በደጋ የቀትር ፀሐይ ብርቱ ነው፤ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ እጅግ ይጨምራል። አራተኛው ደንብ ቀለማቸው የደመቀውን ከፈዘዘው መለየት ነው፤ ጥቁሩ ነጩን ያቀልመዋልና። አምስተኛው ደንብ ከሥራ በኋላ ትሉን ከመንጠቆው አውጥቶ ሁለቱንም ማድረቅ ነው። በእርጥብ ትል ውስጥ ያደረ መንጠቆ ይዝጋል። በተለይ ጨው የተጨመረበት ከሆነ ዝገቱ ይፈጥናል።

የተቀደደ ትልስ ምን ይደረጋል? የሚጠገን ከሆነ መጠገን፣ የማይጠገን ከሆነ ለብቻው በአንድ ከረጢት አጠራቅሞ ከሌላው ደረቅ ቆሻሻ ጋር ወደ ተዘጋጀለት ስፍራ መውሰድ ነው። ማቃጠል አይገባም። ቪኒል ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ ዐይንንና ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

በሐይቁ ውስጥ የሚቀረው

የእውነተኛው ትልና የሰው ሠራሹ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ከሥራ በኋላ ነው። ከመንጠቆ የወደቀ እውነተኛ ትል በሰዓታት ውስጥ ይበላል፤ ወይም ይበሰብሳል። የፕላስቲኩ ትል ግን አይበሰብስም። ዓሣ እውነተኛ ትል መስሎት ከዋጠው በሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ሊቆይና የምግቡን መንገድ ሊዘጋው ይችላል። ዓሣን ለማታለል የተሠራው ነገር አጥማጁ ወደ ቤቱ ከሄደም በኋላ ማታለሉን አያቆምም።

እዚህ ላይ የብርታትን ጥቅም ከሌላ አቅጣጫ መመልከት ይገባል። የማይቀደድ ትል ለባለቤቱ ገንዘብ ያድንለታል፤ ቁራጩም በየጊዜው እየተበጠሰ በውሃ ውስጥ ስለማይቀር ሐይቁ ይጠቀማል። ነገር ግን ያው ብርታት ትሉ ከጠፋ ጉዳቱን ያራዝመዋል። እንግዲህ የዕቃው ብርታት በራሱ መልካም ወይም ክፉ አይደለም። መልካም የሚያደርገው ወደ ከረጢቱ የሚመልሰው እጅ ነው።

መሣሪያና ኃላፊነት

የፕላስቲክ ትል በአገራችን ገና ያልተለመደ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ እርሱ የሚያስነሣው ጥያቄ ለጣና አዲስ አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. (በ1978 ዓ.ም. ገደማ) በሐይቁ ላይ በሞተር የሚነዱ ጀልባዎችና የናይለን መረቦች በልማት ሥራ አማካይነት በሥራ ላይ ዋሉ። መረብ ከመንጠቆ ይልቅ ብዙ ሰው ይመግባል፤ በጾም ወራት የዓሣ ገበያ ሲደራም ብዙ ቤተሰቦች የሚተዳደሩት በእርሱ ነው። ስለዚህ መረብን መንቀፍ አይገባም። ችግሩ የሚመጣው መረቡ በማይገባው ስፍራና ጊዜ ሲዘረጋ ነው።

ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምትና በክረምቱ መጨረሻ እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ገባር ወንዞች ይጓዛሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት የጠጠር ወለል ላይ ነው። ወደዚያ ለመድረስ በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። በዚህ ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የነገውንም ያጠምዳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በወንዝ ውስጥ መጨመር ነው። ብርብራ ሮቴኖን የተባለ መርዝ አለው። መርዙ የዓሣው ገላ ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ስለሚያግድ ትልቁም ትንሹም፣ የሚፈለገውም የማይፈለገውም ዓሣ አብሮ ይንሳፈፋል።

ጉዳቱም በጥናት ታይቷል። በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተደረገ ጥናት የነጭ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አመልክቷል። በዚህ ላይ ከተራቆተው ደጋ በጎርፍ ተጠርጎ የሚወርደው አፈር የሐይቁን ውሃ ያደፈርሰዋል፤ የእንቁላል መጣያውን ጠጠርም ይሸፍነዋል። በዐይኑ የሚያድን ዓሣ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ምን ሊያይ ይችላል? ስለዚህ በጎንደር ዙሪያ በተራራ ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ መንጠቆ ባይዝም የዓሣው ጠባቂ ነው።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸር መንጠቆ አንድ ብልጫ አለው። በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ዓሣ ነው፤ ያም ዓሣ በሕይወት ሳለ ለባለቤቱ እጅ ይደርሳል። አጥማጁም ትልቁን ወስዶ ትንሹን ለመመለስ፣ ሊወልድ የደረሰውን ለመተው ዕድል ያገኛል። ብርብራ የጨመረ ሰው ግን ይህ ምርጫ የለውም፤ ውሃው ከተመረዘ በኋላ ቢጸጸትም የሞተውን አያስነሣውም።

እንግዲህ አንድ የማጥመጃ መሣሪያ መልካም የሚባለው ሦስት ነገሮችን ሲያሟላ ነው። የተፈለገውን ይይዛል፤ ያልተፈለገውን ለመመለስ ጊዜ ይሰጣል፤ ሥራው ሲያበቃም ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል። ተንሳፋፊው ትል ሦስቱንም ሊያሟላ የሚችለው በጥንቃቄ ሲያዝ ብቻ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ከጠፋ ከሌላ ሐይቅ አምጥተን የምንተካው አይደለም። ከውሃው ዳር ተነሥቶ ለመሄድ የተዘጋጀ አጥማጅ ያጠመደውን ከመቁጠሩ በፊት ትሎቹን ይቍጠር።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ተንሳፋፊው ትል ከውሃው ወለል ላይ ጭራውን አቁሞ የሚቆመው ለምንድን ነው?
2. የቪኒል ትልና ተለጣጩ ትል አብረው እንዳይቀመጡ የሚያደርገው ምክንያት ምንድን ነው?
3. የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለነጭ ዓሣ ዝርያዎች መለያየት ያደረገው አስተዋጽኦ ምንድን ነው?
4. ጸሐፊው «የዕቃው ብርታት በራሱ መልካም ወይም ክፉ አይደለም» ሲል ምን ማለቱ ነው? በዚህ አሳብ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን አስረዱ።
5. እርከን የሚሠራ ገበሬ የዓሣ ጠባቂ የተባለው ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ጽፋችሁ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር አስገቧቸው።

ማባበያ፣ እፍግታ፣ ይሰርጋል፣ ልቁጥ፣ አድፍጦ፣ መጤ

ሐ. «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ» እና «ከዚህም የተነሣ» የሚሉት አያያዦች የሚገኙባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ከምንባቡ አውጥታችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ አያያዥ ከፊቱ ያለውን አሳብ ከሚከተለው ጋር በምክንያትና በውጤት ወይም በተቃርኖ እንደሚያገናኝ ለዩ።

መ. በአካባቢያችሁ የሚሠራበትን አንድ መሣሪያ ምረጡ፤ ሞፈርና ቀንበር፣ ወፍጮ፣ የሸማኔ ዕቃ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ከምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራበትና እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያስረዳ ባለ አራት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ለምትሰጡት ምክር ሁሉ ምክንያቱን መግለጽ አትርሱ።